ምሳ ዕቃ ይዛ የምትመጣው ልጅ

ጋምቤላ ከተማ ውስጥ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥዕል፣ ሙዚቃና ድራማ አስተምራለሁ። ሦስቱም በአንድ ክፍለ ጊዜ የታጨቁ ናቸው። ሂሳብ ወይም እንግሊዝኛ ማካካሻ ሲያስፈልገው መጀመሪያ የሚወሰደው የእኔ ሰዓት ስለሆነ፣ በዚያ ዓመት በእጄ የቀረችው ከምሳ በፊት ያለችው ክፍለ ጊዜ ብቻ ነበረች። በዚያ ሰዓት ልጆቹ ይርባቸዋል፣ የቆርቆሮው ጣሪያ ይግላል። ነፋስ እንዲገባ ተብሎ መስኮቶቹ መስታወት የላቸውም።

ልጅቷን ያየኋት በዚያ መስኮት ነው። አራተኛ ክፍል ለሚማር የአንዲት ባለ ሱቅ ልጅ በየቀኑ ምሳ ታመጣለታለች። ሕፃን አዝላ፣ ምሳ ዕቃውን በፌስታል አንጠልጥላ፣ ደወሉ እስኪደወል መስኮቱ ሥር ትቆማለች። ከልጁ ጋር እኩያ ናት፤ ብትበልጠው አንድ ዓመት ነው። ለብዙ ሳምንታት አላየኋትም ብል አልዋሸሁም። በከተማችን ሕፃን ያዘለች ትንሽ ልጅ ማየት ባጃጅ እንደ ማየት ነው፤ ዓይን ዝም ብሎ ያልፋታል።

አንድ ቀን ተማሪዎቼን "ገበያ ውስጥ ያለ ሰው ሆናችሁ አሳዩኝ፤ መናገር ግን የለም" አልኳቸው። ሰሌዳው ፊት እየወጡ ይሽኮረመማሉ፣ እርስ በርስ ይገፋፋሉ፣ አንዱም አልሆነለትም። ድንገት ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ዞር ስል ልጅቷ መስኮቱ ሥር ቆማ እኔን ሆናለች። ጠመኔ የነካ እጇ ቀሚሷን እንዳያቆሽሽ ጣቶቿን ዘርግታ ከሰውነቷ ታርቃለች፤ ከዚያ ትረሳና በዚያው እጅ ግንባሯን ትጠርጋለች፤ ከዚያ ትናደዳለች። እኔ እንዲህ እንደማደርግ እስከዚያች ቀን አላውቅም ነበር። ዓይኖቻችን ሲገናኙ ደነገጠች፤ ምሳ ዕቃውን መስኮቱ ላይ ጥላ፣ ሕፃኑ ጀርባዋ ላይ እየዘለለ፣ ሮጠች።

በማግስቱ በር ላይ ጠበቅኋት። የምቆጣት መስሏት መሬት መሬት ታያለች። አማርኛዋ ገና ነበር፤ ከጎሬ ወዲያ ካለ ገጠር ነው የመጣችው፣ አፏን የፈታችው በኦሮምኛ ነው።

"ማን አስተማረሽ?" አልኳት።

"ምን?"

"ሌላ ሰው መሆን።"

አሰበችና "ዝም ብዬ ሳይ ይመጣል" አለችኝ።

በዚያን ጊዜ ቅዳሜ ቅዳሜ የምንሰበስባቸው ልጆች ነበሩን። ነገሩን የጀመርነው እኔና አንድ የመዘምራን መሪ ነን። እሱ እዚሁ የተወለደ አኙዋክ ነው፤ በሥራ ቀን የውኃ ቧንቧ ይጠግናል፣ እሑድ ከበሮ ይመታል። አማርኛን የተማረው ትምህርት ቤት ስለሆነ "እሱ"ና "እሷ" ይምታቱበታል፤ እኔንም እስከ ዛሬ "አንተ" ነው የሚለኝ፣ እኔም ለምጄዋለሁ። ቦታው የእነሱ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነበር። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ከልጆቹ ደግሞ ሙስሊሞች ነበሩበት፤ የማንጎው ጥላ ግን ማንንም አይጠይቅም።

የሚመጡት ልጆች ሠራተኞች ናቸው። ጫማ የሚጠርጉ፣ ከባሮ ወንዝ ዓሣ እየተቀበሉ በገበያ የሚያዞሩ፣ መናኸሪያ ዕቃ የሚሸከሙ፣ ኦቾሎኒ የሚሸጡ። አንዳንዶቹ መናኸሪያው አጠገብ በረንዳ ላይ ነው የሚያድሩት። መጀመሪያ ሥዕል አስጀመርናቸው፤ ወረቀቱ በሳምንቱ አለቀ። ተረት እንዲያወሩ ሞከርን፤ አንዱ በኑዌርኛ፣ አንዱ በአኙዋክኛ፣ አንዱ በከፊቾ ቋንቋ፣ አንዱ በኦሮምኛ ሲጀምር ሌሎቹ ያዛጋሉ። ያኔ የመዘምራኑ መሪ "ቋንቋ ይቅር፣ እህቴ። እጅ ይናገር" አለኝ። እንዲህ ነው ያለ ቃል ድራማ የጀመርነው። ለልጆቹ ዳቦና ሻይ እንሰጣለን፤ አንዳንዱ የሚመጣው ለዳቦው ነበር። ያም ጥሩ ምክንያት ነው።

ልጅቷን ለማምጣት አሳዳሪዋን ማስፈቀድ ነበረብኝ። ገበያው ዳር ያለው ሱቋ ሄድኩ። ሴትየዋ በዕድሜ ትበልጠኛለች፣ ቀልጣፋና ወፍራም፣ ሰው ስትጠራ በቀለበቷ ባንኮኒውን ቋ ቋ የምታደርግ ናት። ከተማው ሁሉ ያንን ድምፅ ያውቀዋል።

"ሠራተኛዎን ቅዳሜ ለሁለት ሰዓት ያህል ቢለቁልኝ ብዬ ነበር" አልኳት።

"ሠራተኛ አትበያት" አለችኝ ቆጣ ብላ። "ልጄ ናት። የምበላውን ነው የምትበላው። ዘመዷ ናት አምጥታ የሰጠችኝ፣ አደራ ብላ።"

"ትማራለች?"

"ሕፃኑ ከፍ ይበልና አስገባታለሁ።" ባንኮኒውን በጨርቅ መጥረግ ጀመረች። "ልጄስ በአንቺ ትምህርት እንዴት ነው?"

ጥሩ ነው አልኳት። ሕፃኑን አዝላ እንድትመጣ፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊትም እንድትመለስ ተስማማን።

ልጅቷ ከመጣች በኋላ ቅዳሜያችን ሌላ ሆነ። ሌሎቹ ልጆች የሚያሳዩት ጠብ፣ መኪናና ኳስ ነበር። እሷ ሰው ታሳያለች። መናኸሪያ ላይ የሚጮኸውን ረዳት፣ ዓሣው ሸተተ ብሎ አፍንጫውን ይዞ የሚከራከረውን ደንበኛ፣ ጫማውን እያስጠረገ ስልክ የሚያወራውን ባለሥልጣን። ሕፃኑ ጀርባዋ ላይ ተኝቶ ይሆናል፤ አይነቃም።

ቀስ በቀስ አንድ የራሷ ትርኢት አበጀች። ማንም አላዘዛትም። ገና ሳይነጋ ትነሳለች። ትጠርጋለች፣ ሕፃን ታዝላለች፣ ውኃ ትቀዳለች። ከዚህ ይጠሯታል፣ ስትዞር ከዚያ ይጠሯታል፤ ስትዞር፣ ስትዞር መጨረሻ ላይ የጠራት የለም፣ እሷ ግን መዞሯን አታቆምም። መሃል ላይ ዳቦው የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ዘንድ ሄዳ በጣቷ ቋ ቋ ታደርጋለች፤ በዚያች ቅጽበት አንገቷ ይወፍራል፣ አገጯ ይነሳል፣ ፍጹም ሌላ ሴት ትሆናለች። ልጆቹ መሬት ላይ እየተንከባለሉ ይስቃሉ። እኔም ስቄአለሁ፤ በኋላ ዓይኔ እንባ አዝሎ አገኘሁት።

ሰኔ ላይ በትምህርት ቤታችን የወላጆች ቀን ነበር። ርዕሰ መምህሩ "ያንቺ የቅዳሜ ልጆች አንድ ነገር ያቅርቡ" ሲለኝ ወዲያው የመጣልኝ ይህ ትርኢት ነው። ከተማው የማያያቸውን ልጆች ለአንድ ቀን እንኳ ይይ ብዬ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ የእኔም ሥራ ይታይ ብዬ ነበር።

የመዘምራኑ መሪ አልወደደውም። "ልጁን ጠይቀው" አለኝ። ልጁ ማለቱ ልጅቷን ነው። "ብቻውን ጠይቀው።"

ብቻዋን አልጠየቅኋትም። ሁሉም ተሰብስበው ሳሉ "ትምህርት ቤት ውስጥ እናሳየው?" አልኳት። ልጆቹ አጨበጨቡ። እሷም "እሺ" አለች። በዚያ ዕድሜዋ ከአፏ የሚወጣው ቃል በአብዛኛው እሺ ነበር፤ ሥራዋ እኮ እሺ ማለት ነው። ይህን ያሰብኩት ግን በኋላ ነው።

የወላጆች ቀን ግቢው ሞላ። ባለ ሱቋ አዲስ ቀሚስ ለብሳ ከፊት ረድፍ ተቀምጣለች፤ ልጇ ከክፍሉ ሦስተኛ ወጥቶ ስለነበር ሽልማት ሲቀበል ልታይ ነው የመጣችው። ልጅቷ ትርኢቱን ጀመረች። ሰው መጀመሪያ ዝም አለ፣ ከዚያ ፈገግ፣ ከዚያ ሳቅ። ጠረጴዛው ጋ ደርሳ ቋ ቋ ስታደርግ ከኋላ አንዱ "እሷን እኮ ነው!" ብሎ ጮኸ፣ ግቢው በሳቅ ተናጋ። ሰው አንገቱን እያስረዘመ ወደ ፊት ረድፍ ያያል። ሴትየዋ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ አልተንቀሳቀሰችም። ቀለበት ያለበትን ጣቷን በሌላው እጇ ሸፍናው ነበር። ያን ሳይ ልጅቷን ላስቆማት ፈለግሁ፤ እንዴት ይቆማል? እስከ መጨረሻው ዞረች፣ ሰውም ቆሞ አጨበጨበ።

በማግስቱ ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ አገኘኋት። ጀርባዋ ላይ ሕፃን የለም። አጠገቧ በፌስታል የታሰረ ልብሷ አለ።

"ሂጂ አሉኝ" አለች።

እቤቴ አስቀምጫት ወደ ሱቁ ሮጥኩ። ሴትየዋ ዘይት እየቀዳች ነበር፤ ቀና ብላ አላየችኝም።

"ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እሷን አይቅጧት" አልኳት።

"እኔ አልቀጣኋትም። አንቺ ውሰጃት። አስተምሪያት፣ አሳድጊያት፤ ቀላል መስሎሻል።" ጀሪካኑን አስቀመጠች። ድምጿ ተቀየረ። "ታይፎይድ ሲይዛት ሆስፒታል ወለል ላይ አብሬያት የተኛሁት እኔ ነኝ። ሱቄን ዘግቼ። እሱን ለምን አላሠራሻትም? እኔ ያለ እናት ሰው ቤት ነው ያደግሁት፣ በሷ ዕድሜ ጭራሮ እለቅም ነበር። ማን አጨበጨበልኝ?"

ደንበኛ ገባ፣ እኔም ወጣሁ። ሴትየዋን እንደ ክፉ ሰው ቆጥሬ ቢሆን ኖሮ መንገዱ ይቀለኝ ነበር።

ልጅቷ እኛ ቤት ቀረች። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ትንሿ ያኔ ሦስት ዓመቷ ነው። ባለቤቴ ኢታንግ በኩል ኩሌ የስደተኞች መጠለያ ነው የሚሠራው፤ ዓርብ መጥቶ እሑድ ይመለሳል። ሐሳቤ ግልጽ ነበር፤ ክረምቱን ታርፋለች፣ መስከረም ላይ ትምህርት ቤት አስመዘግባታለሁ። አልጋ አዘጋጀሁላት፣ ደብተር ገዛሁ፣ ፊደል አስጀመርኳት።

በመጀመሪያው ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሳ ቤቱ ተጠርጎ አገኘሁ። "ተይ፣ አንቺ እንግዳ ነሽ" አልኳት። በሁለተኛውም ቀን "ተይ" አልኩ። በሳምንቱ "ተይ" የምለው ከአልጋዬ ሳልነሳ ነበር። ዝናቡ ጠና፣ ግቢው ጭቃ ሆነ፣ ትንሿ ልጄ ጉንፋን ይዟት ከልጅቷ ጀርባ አልወርድም አለች። እኔ የክረምት ሥልጠና ነበረብኝ። ማታ ስመለስ ሳህኑ ታጥቧል፣ ልብሱ ታጥፏል፣ የፊደል ደብተሯ ጠዋት በተከፈተበት ገጽ አለ። ጎረቤቶቼ ሲጠይቁኝ "እንደ ልጄ ናት" እላለሁ። እኔም ራሴ ከአቦቦ ሰፋሪ መንደር ለትምህርት መጥቼ ዘመድ ቤት ስኖር እንዲሁ እሠራ ነበር፤ ወላጆቼ ከወሎ ሲመጡ ዶማ ብቻ ነበር ያላቸው፣ ሥራ ማንን ገደለ? ራሴን የማሳምንበት ነገር አላጣሁም። ቅዳሜ ቅዳሜ ማርፈድ ጀመረች፤ ልብስ አጥባ ነበር የምትመጣው። የመዘምራኑ መሪ አንድ ቀን "ልጁ ለምን ይዘገያል?" አለኝ። "ዝናቡ ነው" አልኩት።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ቅዳሜ ዝናቡ አባርቶ ልጆቹ ማንጎው ሥር ተሰበሰቡ። "አዲስ ነገር አሳዪን" ብለው ልጅቷን ያዟት። ትንሽ አሰበችና ተነሳች።

አንዲት ሴት ከሥራ ትመጣለች። ጣቶቿን ዘርግታ ከቀሚሷ ታርቃለች። ወንበር ላይ ዘፍ ትላለች። አንድ የማትታይ ሰው ፊቷ ቆማለች፤ ሴትየዋ በቀኝ እጇ "ተይ፣ ተይ፣ አትልፊ" ትላታለች፣ ፊቷ ላይ ርኅራኄ አለ፤ በግራ እጇ ደግሞ ሳህኑን ታቀብላታለች። በቀኝ "ዕረፊ"፣ በግራ ልብሱን። በቀኝ ራሷን ትዳብሳታለች፣ በግራ ሕፃኑን ታሸክማታለች። ሁለቱ እጆች የማይተዋወቁ ነበሩ። ልጆቹ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ጫማ ጠራጊው ልጅ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ፣ ሌሎቹም ዞረው አዩኝና የባሰ ሳቁ።

የመዘምራኑ መሪ አልሳቀም። ከበሮውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መሬት ያያል። እኔ ፈገግ ለማለት ሞከርኩ፤ ፊቴ እንቢ አለኝ። ልጅቷ ጨርሳ ስትቀመጥ አየችኝ፤ ፍርሃት የለባትም። እንደ ሁልጊዜው ያየችውን ነው ያሳየችው። እንዲያውም ደስ የሚለኝ መስሏት ነበር መሰለኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱ ጭቃ ስለነበር ዳር ዳሩን ነበር የምንሄደው።

"ያሳየሽው እኔን ነው?" አልኳት በመጨረሻ።

ቀጥ ብላ ቆመች። ፊቷ ተለወጠ። "አጠፋሁ፣ ቲቸር? ፌስታሌን ላምጣ?"

በሕይወቴ ብዙ ክፉ ቃል ተነግሮኛል፤ እንደዚህች ጥያቄ ያመመኝ የለም። እዚያው ጭቃው ላይ ቆሜ እጇን ያዝኳት። "አላጠፋሽም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ማንም አያባርርሽም" አልኳት። አመነችኝ ለማለት አልችልም። የሰማችው ቃል ስንት ጊዜ ከተናጋሪው እጅ ጋር ሳይገጥም አይታለች።

ባለቤቴ ዓርብ ሲመጣ ነገርኩት። ሰምቶ ሲጨርስ "እኔም አይቼ ነበር" አለ። "አይቼ ለምን እንዳልተናገርኩ ታውቂያለሽ? ሸሚዜ ተተኩሶ ነበር የሚጠብቀኝ።" በማግስቱ ጠዋት ሳህን ሲያጥብ አንዱን ሰበረው። እኔ ደግሞ ሥልጠናውን ትቼ ልጄን ራሴ ማዘል ጀመርኩ። ልጅቷ መጀመሪያ ተጨነቀች፤ እጇ ባዶ ሲሆን የምትቆምበትን አታውቅም ነበር። ፊደሉን ግን በሦስት ሳምንት ጨረሰችው።

ከዚያ ቀድሞውኑ መጠየቅ የነበረብኝን ጠየቅኋት። በዚህ ጊዜ ብቻዋን፣ ባሮ ዳር ተቀምጠን፣ ኦሮምኛ የምታውቅ የሥራ ባልደረባዬ አብራን ሆና ነው። እዚህ እኛ ጋ መማር ትፈልጊያለሽ ወይስ ሌላ ነገር? ውኃውን ስታይ ቆየች። ከዚያ በቋንቋዋ አንድ ነገር ተናገረች። ባልደረባዬ ወደ እኔ ዞራ "እናቴን ነው የምትለው" አለችኝ።

እናቷን ማግኘት ሁለት ሳምንት ፈጀ። ወደ ከተማ ያመጣቻት ዘመዷ የሰጠችን ስልክ አይሠራም ነበር፤ ባለቤቴ በመናኸሪያ ሾፌሮች በኩል አጠያይቆ አገኛት። እናትየዋ ራሷ መጣች፤ ቀጭን፣ ጫማዋን በእጇ የያዘች። ልጇ ሁለት ዓመት ሙሉ ትምህርት ቤት ስትማር የቆየች ይመስላት ነበር። ስንነግራት አልጮኸችም፤ የልጇን መዳፍ ገልብጣ አየችው፣ ደጋግማ በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። ከዚያ አብረዋት ያሉት ሰዎች እኛ ስለሆንን እኛኑ አመሰገነችን። ምስጋናው ከበደኝ።

የሚሄዱ ቀን ባለ ሱቋ መናኸሪያ መጣች። ማን እንደነገራት አላውቅም። አዲስ ጫማና አንድ ደርዘን ደብተር ይዛለች፤ ሕፃኑንም። ለእኔ ሰላምታ ሰጠችኝ፣ ብዙም አልተነጋገርንም። ለእናትየዋ ግን "አደራሽን አልጠበቅሁም፣ ይቅር በይኝ" አለቻት። አስተርጓሚ ሳያስፈልጋት እናትየዋ ገባት። ሕፃኑ ልጅቷን ሲያይ እጁን ዘረጋ፣ እሷም አቀፈችው፤ አውቶቡሱ እስኪሞላ ድረስ አላወረደችውም። ማንም ደግሞ ያዥው ብሎ አላዘዛትም።

ቅዳሜያችን እስካሁን አለ። ሁሉም ልጅ እንደዚህ አልሆነም። ጫማ ጠራጊው ልጅ ወርቅ አለ ብለውት ወደ ዲማ ሄደ፣ ከዚያ ወዲህ አልሰማንም። ሁለቱ የማታ ትምህርት ገብተዋል፣ አንዷ አቋርጣለች። አሁን አንድ ደንብ አለን፤ ልጁ ለብቻው ሳይጠየቅና ሁለት ሌሊት ሳያስብበት የማንም ታሪክ ውጭ አይታይም። ደንቡን ያወጣው የመዘምራኑ መሪ ነው፤ እኔ ጽፌ በግቢው በር ላይ ለጠፍኩት።

ልጅቷ በአጎቷ ስልክ ትደውልልኛለች። አሁን ሦስተኛ ክፍል ደርሳለች። ባለፈው ስትደውል ረጅም ናት ብለው የመጨረሻው ወንበር ላይ እንዳስቀመጧት፣ ሰሌዳው እንደማይታያት አማረረችኝ።

"ለመምህሩ ንገሪው እንጂ" አልኳት።

"ነገርኳቸው" አለችኝ። "ነገ ደግሞ ደግሜ እነግራቸዋለሁ።"